የሚፈነዳው ኮከብና የእትዬ ሰማይ ድምፅ

እትዬ ሰማይ ይህን ስም ያገኙት ሰማይ በማየት አይደለም፤ ብርድ ስለሚፈሩ ከራት በኋላ መስኮት እንኳ አይከፍቱም። ስሙን ያወጣላቸው ድምፃቸው ነው። ክብ ጣሪያ ባለው የከዋክብት ማሳያ አዳራሽ መብራት ሲጠፋ፣ «እንግዲህ ልጆች፣ ቀና በሉ» የሚለው ማር የመሰለ ድምፅ በወጣትነታቸው የተቀዳ ነበር። እሳቸው ጡረታ ሲወጡም ድምፃቸው ሥራውን አልለቀቀም።

አንድ ቀን አዲሱ ኃላፊ አስጠራቸው።

«እትዬ፣ ስለሚፈነዳው ኮከብ የተናገሩት አርጅቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ታዲያ ምን ይሁን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው ቅጂ፣ ኮከቡ ለሳምንታት የሚያበራው ፍንዳታው ስላጋለው ነው ይላሉ። እኛም በትምህርት ቤት የሸመደድነው ይህንኑ ነበር። ለካስ ያ ግለት ቶሎ ይበርዳል። ብርሃኑን የሚያቆየው፣ በፍንዳታው የተፈጠረው ኒኬል ቀስ በቀስ ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱም ወደ ብረት ሲለወጥ የሚለቀው ጉልበት ነው። ከልክ በላይ ስለሚደምቁት ፍንዳታዎች ግን ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም፤ ገሚሶቹ ፍንዳታው ኮከቡ ቀደም ብሎ ካራገፈው ጋዝ ጋር ሲላተም ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ መሃል ላይ እንደ እንዝርት የሚሾር የኮከቡ ቅሪት ነው የሚያደምቀው ባይ ናቸው።

ኃላፊው ትረካውን በሙሉ በሌላ ሰው ድምፅ ሊያስቀዳ አስቧል። እትዬ ሰማይ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ ቀሚስ አንድ ቦታ ቢተረተር ይሰፋል እንጂ ይጣላል?»

«ድምፅዎ እኮ ተለውጧል።»

«ኒኬሉስ እየተለወጠ አይደል እንዴ የሚያበራው?»

ኃላፊው ሳቀና ተስማማ። በማግስቱ ስለሚፈነዳው ኮከብ የምታወራው ቁራጭ ብቻ እንደገና በእሳቸው ድምፅ ተቀዳች።

እነሆ ዛሬ በአዳራሹ፣ ድምፁ ጨረቃንና ፕላኔቶችን በወጣትነት ወዙ ያልፍና፣ ኮከቡ ሲፈነዳ ድንገት ያረጃል። ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ስለ ኒኬሉ በሻካራ አንደበት ያወጋል፤ የእኛው የከዋክብት ጭፍራ ፍኖተ ሐሊብ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ማር ይሆናል።

በቀደም እትዬ ሰማይ ራሳቸው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ከፊታቸው ያለች ሕፃን እናቷን ጎሸም አደረገች።

«እማዬ፣ ሴትዮዋ ምን ሆነች?»

«አልሰማሽም እንዴ? ኮከቡ ፈነዳ።»

ልጅቷ ነገሩ ገባት። ፍኖተ ሐሊብ ላይ ድምፁ ሲመለስ፣ «ተሻላት» አለች።

እትዬ ሰማይ የጉሮሮ ከረሜላቸውን ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዛወሩና ቀና አሉ።