ግዝቱ የማይይዛት ልጅ

አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ቢቸና አሥረኛ ክፍል ስማር የሆነ ነገር ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ለማንም ሳልናገር የኖርኩት ፈርቼ ነው እንጂ ረስቼው አይደለም። እንዲያውም መጽሐፍ ያቀፈች ተማሪ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ሞላ ዓርብ ዓርብ ልብ ወለድ ያነብልን ነበር። የአንድ አሜሪካዊ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ አንድ ውሸት ይዋሻል፣ ጣጣው ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ልናገር አልናገር እያለ ያድጋል። ቲቸር አንድ ገጽ ያነብና ወደ አማርኛ ይመልስልናል። ዓርብ ዕለት ከክፍል የሚቀር ሰው አልነበረም። መጽሐፉ የሟች ወንድሙ ነው፤ በየገጹ ጠርዝ የወንድሙ የእጅ ጽሑፍ ስላለበት ለማንም አያውስም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀር የፈተና ሳምንት ገባ። ልጁ ይናገር ይሆን? ጉጉቱ ሊገድለኝ ደረሰ። አንድ ቀን ቲቸር መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ወጣ። ዛሬ አንብቤ ነገ እመልሳለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ክፍል ውስጥ የቀረችው የጽዳት ተረኛዋ ሰዓዳ ብቻ ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጠርጋለች።

ሰዓዳ የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። ቢቸና ያሉት አክስቷ ልጅ ስለሌላቸው እሳቸው ዘንድ ተቀምጣ ትማር ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው፤ ጓደኛዬ ናት።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዤ ስገባ ቲቸር ሞላ ዓይኑ ቀልቶ ፊታችን ቆሟል። «ልጆች፣ ሌላ ንብረቴን ብትወስዱብኝ ይሻለኝ ነበር። የወንድሜ እጅ ነው እኮ ያለበት» አለን። አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከቦርሳዬ ላውጣው? አፈርኩ። ነገ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደርገዋለሁ አልኩ። ነገም ሌላ ነገ ሆነ።

በዚህ መሀል አንድ ጎረቤታችን «ለምን አይገዘትም?» የሚል ሐሳብ አመጣ። በእኛ አገር ነገር ሲጠፋ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ይገዝታል። የወሰደም፣ ሲወሰድ ያየም ካልተናገረ ተወገዘ ማለት ነው። ግዝትን የሚደፍር የለም። የገዘቱት ደግሞ ማን ይመስላችኋል? የእኔው አባት ናቸው፤ ቄስ ነበሩ።

መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ እስከ ሦስት ቀን ይናገር! ካልተናገረ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ!» ሲሉ ከእናቴ ጎን ቆሜ ነበር። ክንዷ ላይ ተደገፍኩ። እናቴ ፀሐይ የመታኝ መስሏት ነጠላዋን አከናነበችኝ።

ሦስቱ ቀን አለፈ። ማንም አልተናገረም። ያኔ የመጣውን ነገር በሕልሜም አላሰብኩትም። «ክርስቲያን ቢሆንማ ግዝት ሰምቶ ዝም አይልም» ተባለ። «ታዲያ ግዝት የማይይዘው ማን አለ?» ከክፍላችን ሙስሊም ሰዓዳ ብቻ ናት። ተረኛዋም እሷ ነበረች። በቃ፣ አለቀ።

ማንም አልከሰሳትም፣ ማንም አልቀጣትም። ግን ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ስታልፍ ልጆቹ ቦርሳቸውን ይሰበስባሉ። ቲቸር ሞላ እንኳ ወደ ዴስካችን ጎንበስ ብሎ «ብትመልሺው ምንም አልልሽም» አላት። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እሰማለሁ። ብናገር አባቴ የገዛ ልጃቸውን መገዘታቸውን አገር ሊሰማ ነው፣ እንዴት ብለው መቅደስ ይገባሉ እያልኩ ራሴን አሞኛለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት ለራሴ ነው።

አንድ ከሰዓት ሰዓዳ ቤታችን መጣች። ለካ አይታኝ ኖሮ ለአባቴ ልትነግርብኝ የመጣች መሰለኝ። ገና ከበር ላይ «አባዬ የሉም!» ብዬ መለስኳት። አባዬ ጓዳ ነበሩ። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሞጣ ገባች። ትምህርቷንም በዚያው ተወችው።

ባለፈው ዓመት አባቴ ዐረፉ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሞጣ ሄድኩ። ሰዓዳን በአባቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ አገኘኋት። ወዲያው አወቀችኝ። ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ «ሰዓዳ፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ እኮ» አለችኝ ጨርቁን እያጠፈች። «በመስኮቱ መስታወት አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትናገሪ?»

«ብናገር ማን ያምነኛል? ቤታችሁ የመጣሁት ለዚያ ነበር። ዴስክ ሥር ወድቆ አብረን አገኘነው እንበል ልልሽ ነው የመጣሁት።»

ወይኔ! እንባዬ መጣ። «ለአባቴ ብዬ ነው ሰዓዳ፣ በሕይወት እያሉ እንዳላዋርዳቸው ብዬ…» ስል አቋረጠችኝ።

«እኔም አባት ነበሩኝ። ወላሂ፣ እስኪሞቱ ድረስ ‹ልጄ፣ ወስደሽው እንደሆነ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ› ይሉኝ ነበር። እንዳላመኑኝ ሞቱ።»

ጥቅሉን ወደ እኔ ገፋችው። «ይዘሽው ሂጂ። እኔ ዘንድ ቢገኝ ምን ይባላል? ለእኔ መናገርሽስ ምን ይረባኛል? እኔማ አውቀዋለሁ። ለቢቸና ንገሪ።»

ነገርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን አስፈቅጄ፣ አባቴ በገዘቱበት ቦታ ቆሜ፣ ስሟን ጠርቼ ሁሉንም ተናገርኩ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ። ከዚያ ያኔ «ለምን አይገዘትም?» ያሉት ጎረቤታችን፣ አሁን ሸምግለዋል፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ተይ ልጄ፣ አታልቅሺ፣ ልጅነት ነው» አሉኝ። ሴቶቹም እየተቀባበሉ «ልጅነት ነው፣ እግዜር ይቅር ይበልሽ» እያሉ ሳሙኝ።

ካህኑ ንስሐ ሰጥተው ከግዝቱ ፈትተውኛል። ቲቸር ሞላ የት እንደተዛወረ የሚነግረኝ ግን አጥቻለሁ። መጽሐፉ እኔው ዘንድ አለ። የመጨረሻውን ምዕራፍ እስከ ዛሬ አላነበብኩትም፤ ስከፍተው የሟች ወንድሙ ጽሑፍ ይታየኝና እመልሰዋለሁ።

ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። እኔን «ልጅነት ነው» ብለው በአፍታ ይቅር አሉኝ። የቢቸና ሰው ሲስመኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ የተናደድኩት ለዚህ ነው። ሰዓዳም እኮ ያኔ ልጅ ነበረች።