የፀዳለ ጥፋት

ፀዳለ በካምባ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ባሏ ኦይታ ሸማኔ ነው። በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኦይታን ሳል ያዘው፤ ሰፈሩም እንደ ወጉ በሽታውን ትቶ ጥፋቱን መፈለግ ጀመረ። እዚያ አገር ሰው ያለ ጎሜ አይታመምም፤ ክልክል ካልጣሰ፣ ወግ ካላፈረሰ ሳሉ ከየት ይመጣል? ቤተ ክርስቲያኑ በበኩሉ ጎሜ የሚባለውን ነገር የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ካወገዘ ቆይቷል። ስለዚህ ወንጌላዊው አጵሎስ ጎሜ አላሉም፤ "የተሰወረ ኃጢአት" አሉ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ሽማግሌዎቹ በአባ ካሱ መሪነት ሲያፋጥጡት፣ ኦይታ የአጎቱን ልጅ ድንበር አንድ ክንድ መግፋቱን አመነ። ድንበሩ ተመለሰ፣ በግ ታረደ፣ እርቅ ወረደ። ሳሉ ግን እርቁን የሰማ አይመስልም፤ ጭራሽ ደም ቀላቀለ።

በአምስተኛው ወር ፀዳለ ደግፋ ከተማ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችው። ጤና መኮንኑ ሸዋንዳኝ ከሰሜን የመጣ፣ ችኩል ሰው ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለው።

ኦይታ አንገቱን ደፋ። "ድንበሩን የገፋሁት በጥቅምት ነው፣ ዶክተር። ግን መልሻለሁ።"

"ስለ ሳሉ ነው የምጠይቅህ!" አለ ሸዋንዳኝ፤ ዶክተር አለመሆኑን ለማስረዳት እንኳ አልቸኮለም።

ሳሉ ቲቢ ሆነ። የስድስት ወር መድኃኒት ታዘዘለት። ለፀዳለም፣ "ሲያስል ፊትሽን አዙሪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ አንቺም ተመርመሪ" አላት። ቤቷ መስኮት የለውም። ከታመመ ባል ፊት ማዞር ነውር ነው። ለምርመራው ደግሞ ማን ፋታ ሰጥቷት!

ኦይታ ዳነ። አባ ካሱ እርቁ ነው ያዳነው አሉ፤ አጵሎስ ጸሎቱ ነው አሉ። ስድስት ወር ሙሉ ኪኒኑን በእጇ ያዋጠችውን ግን ያነሳት የለም።

ብዙም ሳይቆይ ፀዳለ ደም ማሳል ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ቤቷ ተሰበሰቡ።

"ልጄ፣ አትደብቂን። ምን አጥፍተሻል?" አሉ አባ ካሱ።



"ባሌ ሲያስል ፊቴን አላዞርኩም። ጥፋቴ እሱ ነው" አለች።

"ሌላስ?"

ፀዳለ ነጠላዋን አነሳች። "ኦይታ፣ ተነስ። የሲቀላው መኪና ሊሄድ ነው፤ ብቻዬን አልችልም።"

ኦይታ እሷን አየ፤ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌ ለጉዳይ ተቀምጦ ሳለ ተነስቶ መሄድ ጎሜ ነው። አልተነሳም።