የላይ አገር ድግምት

ባለፈው ሳምንት ቀበና በተከራየሁት ቤት ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለሁ፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ዱላ ይዞ የቆርቆሮውን አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ክርርርር እያደረገ ሮጠበት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የያዝኩትን ሸሚዝ ወርውሬ፣ በሩን ከፍቼ፣ አንድ እግሬን ውጭ ካደረግኩ በኋላ ነው ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ሴት መሆኔ ትዝ ያለኝ። ኮተቤ ልጅ ሳለን ያ ድምፅ ጥሪ ነበር። አጥሩ ሲንጫጫ «ላይ አገር ተከፍቷል» ማለት ነው፤ የሰማ ሁሉ ምሳውንም የቤት ሥራውንም ጥሎ ይወጣ ነበር።

ስሜ ትዕግስት ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አንድ ጉርሻ ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ የምነሳ፣ ተኝቼ እንኳ የማወራ ልጅ ስለነበርኩ ስሜ ለቤተሰቡ ሁሉ መሳቂያ ነበር፤ አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነውና ከመንገድ ሲመለስ «እኛ ስም ስናወጣላት ተኝታ ነበር መሰለኝ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ዝም የሚለው በቤታችን ብሩክ ብቻ ነበር። ብሩክ የእናቴ እህት የአክስቴ ጥሩነሽ ልጅ ነው፤ አክስቴ ሐዋሳ ላይ ከባሏ ጋር ኑሮዋን እስክታደላድል ብላ እኛ ዘንድ ስታስቀምጠው እኔ ገና ነፍስ አላወቅኩም፤ ስለዚህ ብሩክ የሌለበትን ቤት አላውቀውም። በአንድ አልጋ እንተኛለን፣ በአንድ ሰሃን እንበላለን፤ «ወንድምሽ ነው?» ሲሉኝ «ታዲያ ምኔ ይሆናል?» ብዬ እቆጣ ነበር።

ጨዋታው የተጀመረው በክረምት ነው። ዝናቡ ከእንጦጦ እየተንደረደረ ሲወርድ ግቢው ወንዝ ይሆንና እኛ በረንዳው ላይ እንታሰራለን፤ እኛ ማለት ብሩክ፣ እኔና ግድግዳችን ከግድግዳቸው የተጣበቀው የባለሱቁ ልጅ ሐናን ነን። ጠንቋይ ሆነን እንዋጋለን። እኔ «አቃጠልኩሽ!» ስላት ሐናን «አልተቃጠልኩም፣ ጋሻ አለኝ» ትላለች፤ «ጋሻሽንም አቃጠልኩት!» «የማይቃጠል ጋሻ ነው!» እንባባልና፣ ከዚያ ድግምቱ ቀርቶ ፀጉር ለፀጉር እንያያዛለን። አንድ ቀን ሐናን ፊቷ ተቧጭሮ እያለቀሰች ስትሄድ ብሩክ ተነስቶ «እንዲህ ከሆነ እኔ አልጫወትም፤ ሕግ ያስፈልገናል» አለ። ከዚያ በኋላ ለቀናት ጥግ ይዞ ሲያስብ ከረመ። እኔ በዙሪያው እየተሽከረከርኩ «ጨረስክ? አሁንስ?» እያልኩ አላስቆም አላስቀምጥ አልኩት።

ሲጨርስ የነገረን የመጀመሪያው ሕግ ለእኔ ፈጽሞ የማይዋጥ ነበር። ድግምት የሚጥል ሰው የሚያደርገውን ብቻ ይናገራል እንጂ የሆነውን አይናገርም፤ የሆነውን የሚናገረው የተጣለበት ሰው ነው። እኔ «እሳት ለቀቅኩብሽ» ማለት እችላለሁ፤ ቅንድቧ ብቻ ይለብለብ ወይም አመድ ትሁን የምትወስነው ግን ሐናን ናት። «ታዲያ ሁሉም አልነካኝም አይልም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ብሩክም ረጋ ብሎ «ሁልጊዜ አልነካኝም ከሚል ሰው ጋር ማን ይጫወታል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሐናን ምርጫው የእሷ መሆኑን ካወቀች ወዲህ ሞት እንደ እሷ የሚያውቅበት ጠፋ፤ ደረጃው ላይ ተንከባላ፣ ሻርፗን ጎትታ፣ «ለእናቴ ሰላም በሉልኝ» ብላ፣ አንድ ዓይኗን ገልጣ ማዘናችንን አይታ ነበር የምትሞተው።

ሁለተኛው ሕግ ዋጋ ነው። ትንሽ ድግምት የሚጥል ትንፋሹን ይይዛል፤ ከፍ ያለ የሚጥል በአንድ እግሩ እየነጠረ ይውላል፤ ታላቁን ድግምት፣ ማሰርን፣ የሚጥል ደግሞ እስሩ እስኪፈታ ድረስ የሚወደውን ነገር ይተዋል። «ዋጋ ከሌለው ሁላችንም የፈለግነውን እናደርግና በሁለተኛው ቀን ይሰለቸናል» ይል ነበር ብሩክ። ሦስተኛው ሕግ አጭር ነው፦ ያሰረው ሰው ራሱ ይፈታል፣ ሌላ ማንም አይፈታም።

መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠነክር ጨዋታውን ይዘን ከቤታችን በላይ ወዳለው የባሕር ዛፍ ተዳፋት ወጣን፤ ላይ አገር ያልነውም እሱን ነው። ብሩክ ድንጋይን፣ ሐናን ነፋስን፣ እኔ እሳትን ይዘን ተካፈልነው፤ ማን ሌላ እሳት ይሆናል! በጋውን ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳችንን ጥለን እንወጣለን፤ ገብስ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ!» እያሉ እስኪያባርሩን ድረስ ነገሥታት እንሽራለን፣ ወንዝ እናቆማለን። ተራ መጠበቅ ያንገበግበኝ ነበር። ሐናን ነፋሷን ጨርሳ ሳትጠራ እኔ እሳቴን ለቅቄ እገኛለሁ፣ ብሩክም ትንፋሼን አስይዞ ይቀጣኛል። እናቴ አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ «ድግምት ጣልኩብህ» ስል ሰምታኝ አፌን በጥፊ አለችኝና «ይሄ ቃል ሁለተኛ በቤቴ እንዳይሰማ!» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉን የምናወጣው ዛፎቹ ውስጥ ከገባን በኋላ ነበር።

በልግ ላይ ስልክ ተደወለ። የእናቴ ስልክ ወድቆ የጆሮ ድምፁ ስለተበላሸ ሁልጊዜ በስፒከር ነበር የምታወራው፣ ስለዚህ እኔ ሁሉንም ሰማሁ። አክስቴ ጥሩነሽ ቤት አግኝታለች፣ ሥራዋ ተስተካክሏል፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጇን ትወስዳለች። እናቴ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለችና ስልኩን ዘግታ ብዙ ሰዓት ሽንኩርት ከተፈች። ለእኔ ማንም ምንም አላለኝም። ብሩክም ምንም አላለም። እኔ ደግሞ ስለሌላው ሁሉ አወራሁ፤ ስለ መምህራችን ጫማ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ አውቶቡስ ስንት ጎማ እንዳለው፤ እየበላሁ አወራሁ፣ እየታጠብኩ አወራሁ፣ ብርጭቆ ሰብሬ እየጠረግኩ አወራሁ። ዝም ካልኩ የሆነ ነገር የሚያመልጠኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ብሩክ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣን። ሰማዩ ጠቁሯል። እኔ እያወራሁ ነው። ብሩክ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ሲሰማኝ ቆየና «ቲጂ፣ እስቲ አንዴ እንኳ ዝም በይ» አለኝ፤ እኔ ግን ብሶብኝ ቀጠልኩ። ያኔ ተነስቶ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስቶ፣ ወደ ከንፈሬ አስጠግቶ «በድንጋዬ ምላስሽን አሰርኩ» አለ። ሐናን በዳኛ ድምፅ «ዋጋውስ?» ስትለው «ስኳር» አላት። ሳቅን፤ ምክንያቱም ብሩክ ሻይ ሳይሆን ስኳር በሻይ የሚጠጣ ልጅ ነበር፣ እናቴ ጣሳውን የምትደብቀው ከእሱ ነው። የሆነውን መናገር የእኔ ፈንታ ስለሆነ «ታሰርኩ» ልል ብዬ፣ የታሰረ እንደማይናገር ትዝ ሲለኝ አፌን ገጥሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ወዲያው በረዶ መጣብንና ጭንቅላታችንን ይዘን እየተሯሯጥን ወረድን።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ይዛው ሄደች። ከታሰርኩ ጀምሮ ቃል አልተነፈስኩም፤ ጉንጬን ሲስመኝም ገና አልፈታኝም ነበር። እጁን ልይዘው ብዬ ተውኩት፣ ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ያሰረው ራሱ ይፈታል፣ ሌላ ማንም አይፈታም፤ ስለዚህ እኔ ካልተናገርኩ ብሩክ የግድ ተመልሶ ይመጣል።

ሐምሌ ገባ፣ እኔም ዝም አልኩ። መጀመሪያ እናቴ «አኩርፋለች፣ ይለፍላት» አለች። ቀኑ ሲበዛ ግን፣ አባቴ ከመንገድ ደውሎ «ልጄን አቅርቢልኝ» ሲል ትንፋሼን ብቻ ሰምቶ ሲደነግጥ፣ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። እኔ የምሠቃየውን ሥቃይ ማን ያውቃል! ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይከመርብኛል፤ የልብሴን አንገት አኝኬ ጨረስኩት፤ በዝናብ ግቢውን እዞራለሁ፣ ገብቼ እዞራለሁ። አንዲት ጎረቤታችን አየት አድርጋኝ ለእናቴ «እኔ ነገሩ አላማረኝም፤ ተደግሞባት እንዳይሆን» አለቻት። በቃ፣ እናቴ በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ እጄን ይዛ ወደ እንጦጦ ወጣች።

ክረምት ላይ የእንጦጦ ጠበል ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የተጠመቀ ያውቀዋል። ጉሙ ውስጥ ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «ተናገር! ማን ነህ? ስምህ ማነው?» እያሉ ውሃውን አወረዱብኝ። ትዕግስት ነኝ፣ ሌላ ማንም የለም ማለት አማረኝ፤ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፤ በአጠገቤ እናቴ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ላይ ተንበርክካ «ልጄን፣ ልጄን ማርልኝ» እያለች ድምፅ አውጥታ ታለቅስ ነበር። እናቴ ስታለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ግን ከተናገርኩ ብሩክ ምን ሊሠራ ይመጣል? ምላሴን ነከስኩ።

ስንመለስ እናቴ ክብሪት ልትገዛ እነ ሐናን ሱቅ ገባች። ሐናን እስከዚያ ቀን ሕጉን ጠብቃ ትንፍሽ አላለችም ነበር፤ የእናቴን ያበጡ ዓይኖች ስታይ ግን አላስቻላትም። «እትዬ አልማዝ፣ እንዳይጨነቁ» አለች፣ «ምንም አልሆነችም። ብሩክ ነው ምላሷን ያሰራት፤ ሲሄድ ሳይፈታት ሄደ።» ልታጽናናት ነበር፣ የዋህ! እናቴ የሱቁን መቃን ያዘች። በአካባቢያችን «አሰራት» የሚባለው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የልጆች ጨዋታ አይደለም።

ቤት ሳትገባ፣ ግቢው መሃል ቆማ ሐዋሳ ደወለች። «አንቺ ጥሩነሽ! ልጅሽን ከልጄ ሳልለይ ባሳደግኩ ልጄን አሰራችሁብኝ? የባልሽ ዘመዶች ናቸው አይደል?» አክስቴም ከወዲያ «ምን አልሽ? ይልቅስ አንቺ ልጄን ምን አድርገሽ ነው የላክሽልኝ! ከመጣ ጀምሮ ሻይ መራራውን ነው የሚጠጣው፣ ስኳር ሳቀርብለት እጁን ይሰበስባል፣ ለምን ስለው አይናገርም! ምን አብልተሽው ነው?» አለች። እኔ ስኳር የሚለውን ስሰማ ልቤ ዘለለ። አልረሳኝም! እዚያ ማዶ ሆኖ ዋጋውን እየከፈለ ነው! ደስታዬ ግን አልቆየም፤ እህትማማቾቹ የድሮውን ሁሉ እያነሱ ተካረሩና አክስቴ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ደጅሽን አይረግጥም!» ስትል ሰማሁ። የእናቴን ቀሚስ ይዤ ጎተትኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ እጄን አወናጨፍኩ፤ እሷ ደግሞ ያንን ስታይ የባሰ ጮኸች።

በጩኸቱ መሃል የብሩክ ድምፅ ገባ። «እቴቴ» አላት፣ እናቴን እንደዚያ ነበር የሚጠራት፤ «እቴቴ፣ አታልቅሺ፣ ጨዋታ ነው። ቲጂን አቅርቢልኝ።» እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፌ ዘረጋችው። ብሩክም «ቲጂ፣ ድንጋዩን አነሳሁ። ፈትቼሻለሁ» አለ።

በስልክ! ሕጉ ሲወጣ ከሦስታችን አንዱ ይሄዳል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ፣ የሚፈታው ፊት ለፊት ቆሞ ይሁን ያለ ሰው አልነበረም። ግን አንድ ነገር በእጄ ቀርቶ ነበር፤ የሆነውን የምናገረው እኔ ነኝ። ተከትላን የመጣችው ሐናንም ይህንኑ አስባ ኖሮ ዓይን ዓይኔን ታያለች። አልተፈታሁም ማለት፣ ማለትም ዝም ማለት፣ እችል ነበር። እናቴን አየኋት፤ ፀጉሯ ረጥቦ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደርቋል።

«ተፈታሁ» አልኩ።

ድምፄ ሻካራ ነበር፣ የእኔ አልመሰለኝም። እናቴ እልል ብላ አቀፈችኝ፣ አክስቴ ከወዲያ «ተናገረች? በማርያም፣ ተናገረች?» ትላለች፣ ሁለቱ እያለቀሱ ይቅርታ ይጠያየቃሉ፣ ሐናን ታጨበጭባለች። በዚያ ሁሉ መሃል አክስቴ «በል አንተም ና፣ ሻይህን በስኳር ጠጣ» ስትለው፣ እሱም «እሺ» ሲላት ሰማሁ። ከእናቴ እቅፍ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። እናቴ ያዳነኝ የእንጦጦ ጠበል ነው ብላ ዛሬም ትናገራለች፣ እኔም አልከራከራትም።

ብሩክ ለገና መጣ። ቁመቱ ጨምሯል፣ ለእናቴ ስጦታ ይዟል፣ ሳሎን ተነጠፈለት። ፊቱን ሊታጠብ ሲነሳ «ቲጂ፣ ፎጣ የት ነው የምታስቀምጡት?» አለኝ፤ ፎጣው እሱ ሲሄድ የነበረበት ሚስማር ላይ ነበር። አጥሩን ማንም በዱላ አልነካውም።

አሁን ያ ተዳፋት ቤት በቤት ሆኗል፤ ሐናን የአባቷን ሱቅ ይዛለች፣ ብሩክ ሐዋሳ አግብቶ ወልዷል። ያኔ ከጧት እስከ ማታ የማላወራው ነገር ሳይኖር «አትሂድ» የምትለዋን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አውጥቼ አላልኩትም፤ ዝምታዬ ይጎትተዋል ብዬ ጠበቅኩ። አሁን እሑድ እሑድ ሲደውልልኝ ሁሉንም እለዋለሁ፤ ናፍቀኸኛል እለዋለሁ፣ ና እለዋለሁ፣ እንዳይዘጋብኝ ወሬ ከወሬ እቀጥላለሁ። እሱም «እሺ፣ እመጣለሁ» ይለኛል፣ ከልቡ እንደሚለውም አውቃለሁ። ከዚያ ልጁ ከወዲያ ይጠራውና «በይ ቲጂ፣ ቻው» ብሎ ይዘጋል፤ እኔም ያልጨረስኩት ወሬ ስላለ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ትንሽ እቆያለሁ።