በወፍጮ ተራ የገባችው የኤሌክትሪክ መኪና

በ2011 ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የተነሣሁት የማላምንበትን ነገር በዓይኔ ለማየት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የናፍጣ ጭነት መኪና ነድቼ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ መለዋወጫ ሱቅ የከፈትሁ ሰው ነኝ። ስንታየሁ፣ የሟች ጓደኛዬ ልጅ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ መኪና ይዞ ጫጩት ያከፋፍላል ሲሉኝ ሳቅሁ። መንዳት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ስደውልለት "ይምጡና ይዩዋት ጋሼ" አለኝ። በነጋታው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ያዝሁ።

ዳንግላ፣ ሦስት ሰዓት

መኪናዋ ነጭ ናት፤ ከኋላዋ እንደ ሳጥን የተዘጋ ጭነት ቤት አላት። ውስጡ አንድ ቀን የሞላቸው አምስት መቶ ጫጩቶች በካርቶን ተደርድረው ይንጫጫሉ። ማሞቂያው የሚሠራው በዚያው በመኪናዋ ባትሪ ነው። ጭነቱ እንጅባራ ለሚጠብቁ ሴት አርቢዎች ነው፤ ባለፈው ወር የተላከላቸው መንገድ ላይ በብርድ አልቆባቸዋል። ዛሬም ጫጩቶቹ ካለቁ ስንታየሁ ቁልፉን እንዲያስረክብ አለቃው ነግሮታል። ሚስቱ ደግሞ ወሯ ገብቷል፣ ዛሬ ነገ ትወልዳለች።

"ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪው ከግማሽ ትንሽ ነው የሚያልፈው" አለኝ። "ቀስ ብለን ከሄድን ግን ያደርሰናል።"

ሻይ በአምስት ብር ጠጥተን ወጣን። መኪናዋ ድምፅ የላትም። ያለ ሞተር ድምፅ መንዳት ለእኔ ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ይህንንም ደጋግሜ ነገርሁት።

አዲስ ቅዳም

መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በግራና ቀኝ ለከሰል የሚተከለው ደን ጥቅጥቅ ብሏል፣ አስፋልቱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ዝናቡ ያካፋል። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ የድሮው አመሌ ተነሣብኝ።

"ማርሹን አውጣና በነፃ ልቀቃት። ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው።"

ስንታየሁ አየት አደረገኝና ማርሹን አወጣ። ዳገት ላይ "ርገጣት እንጂ" ስለው ረገጣት። አዲስ ቅዳም ደርሰን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ስንገዛ እንኳ እኔ ስለ አነዳድ እሰብክ ነበር።

ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን መኪናዋን ወደ ዳር አወጣት።

"ጋሼ፣ ስድስት በመቶ ነው የቀረን። ለእንጅባራ ዳገት አትበቃም። ማሞቂያውም ጠፍቷል።"

"ምን ነካት?"

መሪውን እያየ መለሰልኝ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ከቆየች እየወረደች ባትሪዋን ትሞላለች። በነፃ ስንለቃት ምንም አታገኝም።"

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

"መንዳት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እንዴት ብዬ አያውቁም ልበልዎ?"

አፈርሁ። የልጁን እንጀራ በገዛ አፌ ልቆርጥ ነበር።

ወፍጮ ቤት፣ አምስት ሰዓት

ትንሽ ወረድ ብሎ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ቤት ነበር። ቀስ ብለን ደረስን። ባለ ወፍጮው ሰው አይጠላም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ።

"ወፍጮው ሲነሣ ለመኪናችሁ የሚተርፍ ኃይል የለም። ላቁም ብል ደግሞ ተራው የኔ አይደለም፣ የነሱ ነው።"

እህል ይዘው የተሰለፉት አሥር ያህል ሴቶች ናቸው። ስንታየሁ ባትሪውን ለመሙላት ሁለት ሰዓት እንደሚያስፈልገን ነገራቸው። ከፊት ያሉት እናት የጫጩቶቹን ድምፅ ተከትለው ወደ መኪናዋ መጡ።

"ባለፈው ጫጩት ያለቀባቸው የእንጅባራ ሴቶች ናቸው እንዴ የሚጠብቁት?"

"አዎ እማማ።"

"የኔን ተራ ለመኪናዋ ሰጥቻታለሁ። ግን የኔ እህል ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። የቀረውን ከኋላዬ ያሉትን ለምኑ።"

ወደ ኋላ ዞረው በአካባቢው ቋንቋ በአውንጊ ተናገሩ። ከሰልፉ አንዷ በአማርኛ ጠየቀችን፤ "ሾፌር ሆናችሁ መንገዱን ሳታውቁት ወጣችሁ?"

ስንታየሁ አንገቱን ደፋ። እኔ ቆቤን አወለቅሁ። "ልጁ ያውቅ ነበር። ያሳሳትሁት እኔ ነኝ። አክብሮኝ ዝም አለ።"

ሳቁብኝ። ሳቃቸው ግን በጎ ነበር፤ ሦስት ሴቶች ተራ በተራ "ሰጥቻለሁ" አሉ። ካርቶኖቹን ተሸክመን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ ገና ትኩስ ዱቄት የያዙ ከረጢቶች መሐል አስቀመጥናቸው። ድንቼን ለሰልፉ አካፈልሁ። ወፍጮው ዝም ባለበት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሴቶቹ አልፎ አልፎ ክዳን እየገለጡ ያዩ ነበር።

እንጅባራ

የቀረውን መንገድ ዓይኔን ከባትሪው ቁጥር አልነቀልሁም። ስንታየሁ በራሱ መንገድ ነዳ፤ ቁልቁለት ላይ ቁጥሩ አንድ ሁለት ሲጨምር አየሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን። የአርቢዎቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ የሺ በከሰል ያሞቁትን ቤት በር ከፍተው ቆመው ነበር። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ሁለት ሞተዋል። የቀሩት ሁሉ ይንጫጫሉ።

የስንታየሁ ስልክ ጮኸ፤ አለቃው ነው። ስልኩን ከእጁ ወሰድሁ።

"ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ጥፋት የለበትም" አልሁ።

"ጫጩቶቹስ?"

ስልኩን ካርቶኑ ላይ ያዝሁለት። ሰምቶ ሳቀ። "ማክሰኞ ወደ ቻግኒ የሚወስደው ጭነት አለ ይበሉልኝ" አለ። ስንታየሁ እዚያው መኪናዋ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም እፎይ አልሁ፤ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ባሕር ዳር

ማታ ስገባ ልጄ ሱቁን ልትዘጋ ስትል ደረስሁ። አምስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች፤ የምላትን ሁሉ "እሺ አባባ" ብላ ትፈጽማለች፣ እኔም ልክ ስለሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

"በዚህ ሱቅ ሥራ፣ እያወቅሽ ያልነገርሽኝ ስሕተት አለብኝ?" አልኋት።

እየቀለድሁ እንዳልሆነ ለማወቅ ፊቴን ደህና አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ቁልፉን አስቀመጠችና ሁለት ወንበር ሳበች።

"ይቀመጡ አባባ" አለችኝ።