የእድር መዝገብ ምስክርነት

ማክሰኞ፣ በ1988 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ሲኤምሲ ከሚገኝ አንድ ቪላ ቴሌቪዥንና ቴፕ ተሰረቀ። በር አልተሰበረም። ሌባው ቁልፉን ከአበባ ጣሳ ሥር አንሥቶ ገብቷል፤ ሲወጣም ቆልፎ ወደ ቦታው መልሶታል።

ረቡዕ ጠዋት ፖሊስ አንድ ለሳኝ ያዘ። ሰውየው የቪላውን አጥር ሲለስን ሰንብቶ ስለነበር ቁልፉ የሚቀመጥበትን ያውቃል። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃሉ አንድ መስመር ነበር፦ «በተጠቀሰው ሰዓት በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝቻለሁ።» አርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ዐቃቤ ሕጉ እስከዚያ ወይ ክስ ያዘጋጃል፣ ወይ ይለቀዋል።

ያኔ የፍርድ ቤት ዜና እሠራ ነበር። አለቃዬ ለዐቃቤ ሕግ የሚሠራ መርማሪ ምን ማወቅ እንዳለበት እንድጽፍ አዘዘኝ። ይህን መዝገብ የያዙት መርማሪ ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጉ፣ ቀድሞ ሂሳብ ያስተምሩ የነበሩ ሴት ናቸው። ማንንም ምንም እንዳልጠይቅ አስጠንቅቀው እንድከተላቸው ፈቀዱልኝ። ማስታወሻዬ ላይ የዘረዘርኩትን አሳየኋቸው፦ የወንጀል ሕግ፣ የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የጣት አሻራ፣ ፎቶግራፍ።

«ይሄን ኮርስ ላይ ይሰጡሃል» አሉ። «ጫማህ ግን ጭቃ አይችልም።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከላምበረት በእግር ተነሣን። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ነበር፤ አልፈለጉትም። መኪና በር ላይ ሲቆም የሰፈሩ ሰው ቃሉን አስተካክሎ ይጠብቃል አሉኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ለሳኙ አባል ወደሆነበት እድር ጸሐፊ ቤት ነው። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። መዝገቡን ከጨርቅ መጠቅለያ አውጥተው ዘረጉት። ማክሰኞ ዕለት አንዲት የሰፈሩ እናት ተቀብረዋል፤ አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ድንኳን ውስጥ ስም ተጠርቷል። ከለሳኙ ስም አጠገብ የመገኘት ምልክት አለ።

«ይኸው!» አሉ ጸሐፊው። «በስምንት ሰዓት እዚህ ነበር። ልጁን ፍቱት።»

እኔ ማስታወሻዬን ዘጋሁ። መርማሪዋ ምልክቱን ትንሽ አዩትና «ስም ሲጠሩ ፊቱን አይተው ነው ምልክት የሚያደርጉት ወይስ ድምፁን ሰምተው?» ብለው ጠየቁ።

«ሃያ ዓመት የያዝኩት መዝገብ ነው፣ እመቤት!»

ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ እሱም የእድሩ አባል፣ ጭቅጭቁን ሰምቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሳቀ። «ጋሼ፣ አምና የሞተ ሰው እንኳ አቤት ብሎልዎታል እኮ።»

«አንተ ደግሞ ሱቅህን ጥለህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

መርማሪዋ ወደ ባለ ሱቁ ዞሩ። «ማክሰኞ ለለሳኙ አቤት ያለው ማነው?»

ሳቁ ቆመ። ጸሐፊውን አየ፣ መሬቱን አየ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ጸሐፊው መዝገባቸውን መልሰው ጠቀለሉ። ለእስረኛው የነበረው አንድ ማስረጃ በዚህች ጥያቄ ወደቀ። ለምን እንደዋሸ ይጠይቁታል ብዬ ነበር። እሳቸው የጠየቁት «እሱስ ያን ጊዜ የት ነበር?» ብለው ነው።

«መቃብር የሚቆፍሩት ድንጋይ ገጠማቸው ተብሎ ዲጅኖውን ይዞ ሄደ። ለሙት ለሚቆፍር ሰው አቤት ባልል ይፈረድብኛል። ግን እስከ ቤተ ክርስቲያን አልተከተልኩትም፤ ያላየሁትን አልልም።»

ቃሉን በራሱ አነጋገር ጻፉት፤ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጭምር። አንብበውለት ፈረመ።

ሁለቱን ቆፋሪዎች ለየብቻ አገኘናቸው፤ አንዱን ቤቱ፣ ሌላውን ሥራ ቦታ። መርማሪዋ የለሳኙን ስም አላነሡም። ለሁለቱም ያሉት «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ብቻ ነው። ታሪካቸው ገጠመ። ጉድጓዱ ጉልበት ያህል ሲደርስ አለት ወጣ። ለሳኙ ዲጅኖ ይዞ መጣ፤ አለቱ አልበገር አለ። አንድ እርምጃ ያህል ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብለው ሌላ ቆፈሩ። ክፍት ጉድጓድ ሌላ ሰው ይጠራል ስለሚባል፣ የመጀመሪያውን ለቀስተኛው ሳይደርስ ደፈኑት። ቤተሰቡ እንዳይከፋው ለማንም አልተናገሩም።

«ጓደኞቹ ናቸው» አልኳቸው መንገድ ላይ።

«ናቸው» አሉ።

ቀጥለን ለሳኙ ወደታሰረበት ጣቢያ ሄድን። አስጠሩትና ከእሳቸው ጋር እኩል አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ስለ ሚስቱ ሊጠይቅ ጀምሮ ተወው።

«መቃብሩ እንዴት ነበር?» አሉት።

«የትኛው?»

መርማሪዋ ብዕራቸውን አላነሡም። አለቱን፣ የደፈኑትን ጉድጓድ፣ ፈቀቅ ያሉበትን እርምጃ አንድ በአንድ ተናገረ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሁለቴ መጥቶ እንደተቆጣቸውም ጨመረ።

«ይህን ለፖሊስ አልተናገርክም?»

«ስቆፍር ነበር ብያለሁ። ምን ብለው እንደጻፉት አላውቅም፤ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ስቆፍር ነበር» የሚለውን እንዳለ ጻፉ። ጮክ ብለው አነበቡለትና በጣቱ አሻራ ፈረመ።

ከጣቢያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ዘበኛው የእድሩ አባል አይደለም፤ ለሳኙንም በስም አያውቀውም። ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ሰባት ሰዓት ላይ ይገባ ነበር። የብረቱ ድምፅ ስለረበሸ፣ ወንጌል ከመነበቡ በፊት፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ገደማ አንድ ጊዜ፣ ቁርባን ሲቃረብ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሊያስቆማቸው መጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ ያናገረው ኖራ የነካው ሱሪ የለበሰውን፣ ዲጅኖ የያዘውን ሰው ነው።

«ምን ብለህ ተቆጣኸው?» አሉት መርማሪዋ።

«አለቱ አይሸሽም፣ ቅዳሴው ይለቅ! አልኩት። እሱ ደግሞ አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው ይለኛል፤ ሲያናድድ!»

መርማሪዋ ከአዲሱ መቃብር አንድ እርምጃ ወደ ምዕራብ ቆመው ከዘበኛው የተዋሱትን ብረት መሬት ውስጥ ሰደዱ። አፈሩ ልል ነበር። ጉልበት ያህል ገብቶ ድንጋይ መታ። ከጎኑ ያለውን ያልተቆፈረ መሬት ደግሞ ሞከሩ፤ ጠንካራ ስለሆነ ብረቱ አልገባም። ለኩት፤ ጻፉት። ከዚያ በዝናብ ወደ ቪላው በእግር ሄድን። በፈጣን እርምጃ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። በሁለቱ ቁጣዎች መካከል ያለው ጊዜ ሄዶ ለመመለስ አይበቃም።

ሪፖርቱን በዚያው ቀን አመሻሽ ለዐቃቤ ሕጉ ሰጡ። ሁለት ገጽ ነው። የእድሩ መዝገብ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደማይችል የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ተጽፏል።

አርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ለሳኙ ተፈታ። ነሐሴ ላይ መዝገቡን ዳግመኛ ሳይ ቴሌቪዥኑና ቴፑ አልተገኙም ነበር።