ፀሐይን ወንድ ያደረገው ሃሚድ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት ከሆሞሻ የደወለልኝን ሰው ሦስት ጊዜ «የትኛው ሃሚድ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ሞትን ለሌላ መመኘት ነውር መሆኑን እያወቅሁ፣ ስሙን የሚጋራ ሌላ ሰው ቢገኝልኝ ብዬ። አልተገኘም።

ኢንጂነር ሃሚድ፣ አሶሳ ላይ አማርኛ ሳስተምር የፊት ወንበር ተማሪዬ የነበረው፣ ኋላም ገና መሠረቱ ያልተጣለ ሕንፃ በኮምፒውተር ውስጥ ገንብቶ፣ ፀሐይ አውጥቶበት፣ ሰው አስገብቶበት፣ የትኛው ማቀዝቀዣ እንደሚበቃው አስቀድሞ የሚያይ ባለሙያ የሆነው፣ አረፈ።

አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነበርና አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«ፀሐይ መጣ፣ ጋሼ!»

«መጣች በል እንጂ፣ አንተ ልጅ!»

«ከመታኝ በኋላ ወንድ ሴት የለውም፣ ጋሼ!»

ጡረታ ወጥቼ የምጠብቀው የንባብ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አንባቢውን እያባረረ ወንበሮቹን ብቻ ያስቀርልኝ ስለነበር፣ አዲስ አዳራሽ ሲታቀድ ሙቀቱን እንዲያጠናልን ሃሚድን ለመንሁት፤ የንባቡንም ሰዓት «ከሁለት እስከ አሥራ አንድ» ብዬ በቁም ጽሕፈት አስፍሬ ሰጠሁት።

በአዳራሹ አሠሪ ኮሚቴ ፊት ውጤቱ ሲወጣ፣ ኮምፒውተሩ ለአሶሳ ማሞቂያ አዘዘ!

«ምነው ሃሚድ፣ ደብረ ብርሃን ወሰድከን እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው። ሳቁ ሲበርድ ግን «ጥናቱ ይቅር፣ ማሽኑን በግምት እንግዛ» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ እኔም ባዶ ወንበሮቼ ታዩኝ።

ሃሚድ ማያውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና ጭንቅላቱን ያዘ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ በእኛ ነው! ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት። አንባቢውን ሁሉ በውድቅት አስገብቼ፣ ከቀትር በፊት ቤቱ ሰደድኩት!»

ስህተቱን በእኔ ጽሕፈት ማላከክ ሲችል፣ «እኔ ነኝ» ብሎ እዚያው አረመው። ወዲያው የምዕራቡ ግድግዳ በማያው ላይ ፍም መሰለ። «መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ማሽን» አለ፤ እንደ ቃሉም ለምዕራቡ መስኮቶች ሰፊ በረንዳ ተሠራላቸው፣ ለውስጡም አንዲት ትንሽ ማቀዝቀዣ በቃች።

ሃሚድ ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ ከዚያው አዳራሽ በረንዳ ላይ ቆሜ ነው፤ ሰዓቱ ስምንት ነው፣ በእኛው አቆጣጠር፤ ውስጡ ቀዝቅዞ ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል፣ የእኔም ጭምር። ከልጅነትህ ጀምሮ ያረምሁህ መምህርህ፣ ዛሬ እርማቴን አንሥቼ በአንተው አማርኛ እሰናበትሃለሁ። ደህና ሁን፣ ልጄ።

ፀሐይ መጣ፤ ደጅ ቀረ።