አድነውና የማዕረግ ዝርዝሩ

አድነው በ1925 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ በበቅሎ ጀርባ ስንት ቀን ተንገላቶ ከአዲስ አበባ ሶዶ ሲገባ፣ በደረት ኪሱ የእንግሊዝኛ ትምህርት የምስክር ወረቀት ይዞ ነበር። አባቱ ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ ወረቀቱን ዘቅዝቀው አዩት፤ ማኅተሙ ትልቅ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ጎረቤቱን እየጠሩ አሳዩ። ችግሩ፣ በሶዶ በእንግሊዝኛ የሚያዋራው ሰው አለመኖሩ ነው። በእርግጥ ፈረንጆቹ የሚስዮን ሐኪምና ባለቤቱ ነበሩ፤ እነሱም አገሩን ሊለምዱ ቆርጠው ስለተነሡ፣ አድነው በእንግሊዝኛ ሰላም ባላቸው ቁጥር በአማርኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ አፉን ያስይዙት ነበር።

የአድነው ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ እንግሊዝኛ አስተማሪው ቤት ባነበባቸው የባሕር ማዶ መጽሔቶች ላይ፣ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ብቻ ሦስት ገጽ ሙሉ ተጽፎ አይቶ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። እኔም እንዲህ ልጻፍ ብሎ አዲስ አበባ ላለ አንድ ወርኃዊ መጽሔት ደብዳቤ ላከ። አዘጋጁ «ሦስት ጽሑፍ ላክ፤ አንዱ እንኳ ከታተመ የሶዶ ወኪላችን ትሆናለህ» ሲል መለሰለት።

ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን ዳበሱ። የኬላው ሹም አንድ ጸሐፊ ይፈልግ ነበር።

«እስከ ኅዳር እጠብቅሃለሁ» አሉት። «ካልሆነ ግን ኬላ ቁጭ ብለህ ቡናና ቆዳ ስትመዘግብ ትኖራለህ።»

አድነው በዚያው ማታ ብዕሩን አነሣ።

የመጀመሪያው ጽሑፉ በግንቦት ስለ ተከበረ የደብር በዓል ነበር። ለመጽሔት ሊጽፈው ነው የሚለው ወሬ ከተማውን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሹማምንቱ አንድ በአንድ ደጁን አንኳኩ። በግብር ማዕድ ላይ ሰው በማዕረጉ እንደሚቀመጥ፣ በወረቀትም ላይ እንዲሁ መቀመጥ አለበት ባዮች ናቸው።

«ፊታውራሪን ከእኔ አስቀድመህ ከጻፍክ ዓይንህን እንዳላየው!» አሉት በማዕረግ ከፊታውራሪ የሚያንሱት ባላምባራስ እሸቴ።

አድነው ይሉኝታ ያጠቃዋል። አርባ ሦስት ሰው ከነማዕረጉ ደረደረና «ሌሎችም» ብሎ ዘጋ። በ«ሌሎችም» ውስጥ የገቡት ሰላምታ ነፈጉት። በሰኔ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ላይ የእንጨት ድልድይ ሲመረቅ ከዚህ ስሕተት ተማረና ስልሳ አንድ ሰው ደረደረ።

ከአዘጋጁ ለሁለቱም ጽሑፎች አንድ መልስ መጣ። «የተሰብሳቢዎቹን ስም በሙሉ አግኝተናል። ድልድዩን ግን ፈልገን አጣነው። ለመሆኑ ወንዝ ነበረው?»

አድነው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አፈረ፤ እንዲያውም ዕንባ ዕንባ አለው። የቀረችው አንዲት ጽሑፍ ነበረች።

መስከረም ጠባ፤ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ ጊፋታ ደረሰ። አድነው ለማንም ሳይናገር ገጠር ጉኑኖ ወረደ። እዚያ የአባቱን መሬት የሚያርሱት ሽማግሌ ኤርካሎ ቅርጫ ያካፍሉ ነበር። በሬው የተገዛው የቅርጫው ሰዎች ሚስቶች ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀሙት የቅቤ ሽያጭ ነው። ኤርካሎ ከአንዱ መደብ ጎድን አንሥተው ሌላው ላይ ያደርጋሉ፤ ራቅ ብለው ያያሉ፤ ራሳቸውን ተቆጥተው ይመልሱታል። ከዚያ ፊቱን ያዞረ ሰው የእያንዳንዱን ዕጣ፣ የአንዱን ጭራሮ፣ የሌላውን ቁልፍ፣ መደቦቹ ላይ ይጥላል። የኤርካሎ ዕጣ ትንሽ አጥንት የበዛበት ላይ ወደቀ። እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። አድነውም ይህንኑ ጽፎ፣ ሸቀጥ ሊያመጣ አዲስ አበባ በሚወጣው ነጋዴ በጀማለዲን እጅ ላከ።

«እነማን ነበሩበት?» ሲሉ ጠየቁት ግራዝማች።

«ኤርካሎ።»

«ሌላስ?»

«በሬው።»

ግራዝማች ያን ቀን ራት አልበሉም።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ ጀማለዲን መጽሔቱን ይዞ ተመለሰ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ታትሟል! አድነው በአባቱ ግቢ ለተሰበሰበው ሰው አነበበ። ኤርካሎ ተጠርተው መጥተው አጥሩ ሥር ቆመዋል።

«ገባር በመጽሔት ወጥቶ እኔ ባላምባራሱ ልቅር?» ሲሉ ጮኹ እሸቴ።

ኤርካሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅ አድነው፣ በሬው ቀይ ነበረች። አንተ ጥቁር ብለሃል።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አድነው ፊቱ ቀላ፤ ጥቁር ያለው ሲጻፍ ያምራል ብሎ ነበር።

«ሌላዋ ሁሉ እውነት ነው» አሉ ኤርካሎ። «ስሜ ያለችበትን እስቲ ድገማት።»

አድነው ደገመላቸው። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የሚስቅ ጠፋ። ከኬላው ሹም የተላከው ሰው መልስ ሊቀበል ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ግራዝማች ጠሩት።

«ለጌታህ እንዲህ በልልኝ» አሉት። «ልጄ ሥራ ይዟል።»

ከዚያ ወደ አድነው ጠጋ አሉና ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁለተኛ የበሬ ቀለም እንዳትሳሳት!» አሉት።